ከባድ ምት እንዴት ይዘጋጃል? ከደጀን የመንገድ ዳር ፑል እስከ ፈተና ወረቀት

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የአርትዖት ሥራ ተደርጎበታል።)

የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ «ዶክተር፣ እንግዲህ ምርምራችን ወደ ፑል ቤት ወረደ ማለት ነው?» ብለውኛል። ጥያቄያቸው ቀልድ ቢሆንም መልሴ «አዎ» የሚል ነው። ዛሬ የምናገረው በአንድ የፑል ጠረጴዛ ላይ ሊኖር የሚችለውን እጅግ አስቸጋሪ ምት ስለ ማዘጋጀት ነው። ስለ መምታት አላልኩም፤ ስለ ማዘጋጀት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን እኔም የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ነገሩ የጀመረው በትውልድ ከተማዬ በደጀን ነው። ደጀንን የማያውቅ ካለ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመጣ ጎሐ ጽዮንን አልፎ፣ አባይ በረሃን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ሲጨርስ አፋፉ ላይ የምትቀበለው ከተማ ናት። ያን ዳገት የወጣ ሞተር ማረፍ ይፈልጋል፤ ሹፌሩም እንደዚያው። ስለዚህ ደጀን የማረፊያ ከተማ ናት፤ ማረፊያ ባለበት ሁሉ ደግሞ ጨዋታ አለ። እኔ በልጅነቴ በደጀን ፑል የሚባል ነገር አላየሁም፤ የእኛ ጨዋታ ብይና ገበጣ ነበር። ፑሉ የመጣው እኛ ለትምህርት ከወጣን በኋላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቅሶ ለመድረስ ሄጄ፣ ወደ ማርቆስ የሚመልሰኝ ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ከመንገዱ ዳር በሸራ ጥላ ሥር ከተቀመጠ አንድ የፑል ጠረጴዛ አጠገብ ቆምኩ። ጨርቁ ሁለት ቦታ ላይ በክር ተሰፍቷል፤ ከአንዱ እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደግፏል። ወጣቶቹ ግን የተለመደውን ጨዋታ አልነበረም የሚጫወቱት። አንዱ ኳሶቹን እንደ ፈለገው ያስቀምጥና ሌላውን «ምታ» ይለዋል። መቺው ካገባ አስቀማጩ 10 ብር ይከፍላል። መቺው ከሳተ ግን ነገሩ በዚያ አያበቃም፤ አስቀማጩ ራሱ ያንኑ ምት መትቶ ማሳየት አለበት። ካሳየ 10 ብሩን ይወስዳል፤ በሦስት ሙከራ ካቃተው እጥፍ ይከፍላል። ይህች የመጨረሻዋ ደንብ ስለ ገረመችኝ ምክንያቷን ጠየቅኋቸው። ዕድሜው 17 ወይም 18 የሚሆን አንዱ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ያለዚያማ ማንም እየተነሳ የማይሆን ነገር እያስቀመጠ ሰው ያከስራል» አለኝ።

መምህር መሆኔን ከአነጋገሬ ሳይለዩት አልቀሩም። «እስቲ እርስዎ ከባድ ያስቀምጡልን» አሉኝ። ለብዙ ዓመታት መካኒክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ነጯን ኳስ አንድ ጥግ ላይ፣ ሁለት ኳሶችን ደግሞ መካከል ላይ ተራርቀው እንዲቆሙ አድርጌ፣ ነጯ ሦስት ጠርዝ ነክታ አንደኛዋን እንድትገፋ፣ አንደኛዋም ሁለተኛዋን ገፍታ ወደ ጎን ቀዳዳ እንድታስገባት አዘዝኩ። ልጁ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ዞረና ስቲኩን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ይሄ ሎተሪ ነው እንጂ ምት አይደለም» አለ። ደንብ ነውና ራሴ መታሁ፤ ሦስቱንም ሳትኩ። 20 ብር ከፈልኩ።

ቀጥሎ እሱ አስቀመጠልኝ። ነጯ ኳስ ከአንደኛው ጥግ አጠገብ፣ ሌላዋ ኳስ በጠረጴዛው መካከል፤ ሁለቱም በሰያፍ ከፊት ለፊት ካለው የጥግ ቀዳዳ ጋር በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ። መዞር የለውም፣ ጠርዝ መንካት የለውም፣ ጥምዝምዝ የለውም። ሕፃን የሚያገባው መስሎኝ መታሁ። ኳሷ ከቀዳዳው ከአንድ ስንዝር በላይ ርቃ ከጠርዙ ጋር ተላተመች። ልጁ ኳሶቹን ወደ ቦታቸው መልሶ መታ፤ ገባች። ሌላ 10 ብር ከፈልኩ። ሚኒባሱ ሞልቶ ነበርና ተሳፈርኩ፤ ሉማሜ እስክንደርስ ድረስ በአንድ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ስሠራ ነበር። የሚከተለው ከዚያ ደረሰኝ የመጣ ነው።

የፑል ኳስ ዲያሜትር በተለመደው ዓለም አቀፍ ልክ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለውድድር በሚሠራ ጠረጴዛ የጥግ ቀዳዳው አፍ 114 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ኳሶች ጎን ለጎን ተጣብቀው የሚያልፉበት ስፋት ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ቀዳዳው የምትሄድ ኳስ ከመካከለኛው መስመር በግራም በቀኝም 28 ሚሊ ሜትር ያህል ብትስት ምሕረት አላት። ይህ ለጋስ ይመስላል። የልግስናው መጠን የሚታየው ግን ወደ ኋላ ተመልሰን ስቲኩ ነጯን ከነካበት ቅጽበት ስንነሳ ነው።

ነጯ ከታለመላት መስመር 1 ዲግሪ ብቻ ወጣች እንበል። 1 ሜትር ተጉዛ ስትደርስ ከመስመሯ 17 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ርቃለች። ለዓይን ኢምንት ነው። ነገር ግን ሁለት ክብ አካላት ሲጋጩ ተመቺዋ የምትሄደው፣ ሰበቃን ለጊዜው ከተውነው፣ የሁለቱን ማዕከሎች በሚያገናኘው መስመር አቅጣጫ ነው። ማዕከሎቹ በግጭቱ ጊዜ የሚራራቁት 57 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚያች አጭር ርቀት ላይ 17 ሚሊ ሜትር ተኩል ትልቅ ዘንበልታ ነው፤ ሲሰላ የተመቺዋ ኳስ አቅጣጫ ወደ 17 ዲግሪ ይስታል። አንድ ዲግሪ ገባች፣ አሥራ ሰባት ሆና ወጣች። ለትናንሽ ስህተቶች ማባዣው ቀላል ነው፤ በሁለቱ ኳሶች ማዕከሎች መካከል ያለው ርቀት ለዲያሜትሩ ተካፍሎ 1 ይቀነስለታል። በ1 ሜትር 16.5 ገደማ ይሆናል።

አሁን የልጁን ምት እንይ። ከነጯ ኳስ እስከ ቀዳዳው በቀጥታ 2 ሜትር ይሁን። ጥያቄው፦ ምቱ ከሁሉ የከበደ እንዲሆን ተመቺዋን ኳስ በዚህ መስመር ላይ የት እናስቀምጣት? አብዛኛው ሰው ከነጯ እጅግ አርቀን፣ ቀዳዳው አጠገብ እናስቀምጣት ይላል፤ ዒላማው ይርቃልና። በዚያ ሁኔታ ተመቺዋ ከነጯ 1.8 ሜትር፣ ከቀዳዳው 20 ሴንቲ ሜትር ትርቃለች። ማባዣው ከ30 ይበልጣል፤ ቀዳዳው ግን ቅርብ ስለ ሆነ ተመቺዋ ወደ 8 ዲግሪ ብትስትም ትገባለች። ለመቺው የሚተርፈው የስህተት ምሕረት በየጎኑ 0.26 ዲግሪ ገደማ ነው። ግልባጩን እንውሰድ፤ ተመቺዋ ከነጯ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ትራቅ፣ ወደ ቀዳዳው 1.8 ሜትር ትጓዝ። ማባዣው 2.5 ብቻ ነው፤ የመቺው ምሕረት ወደ 0.36 ዲግሪ ከፍ ይላል። መካከል ላይ ስናስቀምጣት ግን ማባዣው 16.5 ነው፤ ተመቺዋ መሳት የምትችለው 1.6 ዲግሪ ነው፤ ለመቺው የሚቀረው 0.1 ዲግሪ ነው። የግድግዳ ሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚዞረው ልክ ይህን ያህል ነው። እጁ ከዚያ በላይ የተንቀሳቀሰ ሰው ሳተ።

ምክንያቱን ለመረዳት ካልኩለስ እንኳ አያስፈልግም። ስህተቱ የሁለት ርቀቶች ብዜት ነው፦ ነጯ የምትጓዘው በአንድ በኩል፣ ተመቺዋ የምትጓዘው በሌላ በኩል። ድምራቸው ቋሚ የሆነ ሁለት ቁጥሮች ብዜታቸው ከፍ የሚለው እኩል ሲሆኑ ነው። ገበሬው በተወሰነ ገመድ አራት ማዕዘን ማሳ ሲከልል ሰፊውን መሬት የሚያገኘው ጎኖቹ እኩል ሲሆኑ ነው፤ ያው ሂሳብ ነው። የደጀኑ ልጅ ይህን በቀመር አልተማረውም። ብዙ 10 ብሮች ከፍሎ የተማረው ይመስለኛል።

«ታዲያ ምቱን ቀጥ ከማድረግ ይልቅ አግድም ብናደርገው አይብስም?» የሚል ተማሪ ይኖራል። ትክክል ነው። ነጯ ተመቺዋን በጎን ስትነካት ማባዣው ይጨምራል፤ ተመቺዋ ከነጯ መንገድ በ60 ዲግሪ እንድትወጣ ከተፈለገ ስህተቱ ከቀጥተኛው ምት በግምት 2 እጥፍ፣ በ75 ዲግሪ ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። ወደ 90 ስንቀርብ ያለ ወሰን ያድጋል፤ በ90 ላይ ደግሞ ኳሶቹ አይነካኩም፣ ምትም የለም። እዚህ ላይ የሂሳብ ሰዎች የሚወዱት አንድ እንግዳ ነገር አለ፦ በዚህ አቅጣጫ «ከሁሉ የከበደው ምት» የሚባል የለም። የትኛውንም ብታስቀምጡ ከእሱ የከበደ ሌላ አለ፤ ወደ ማይቻለው እየተጠጋችሁ ትሄዳላችሁ እንጂ የመጨረሻው ከባድ ላይ አትደርሱም። በቀጥተኛው መስመር ላይ ግን ከፍተኛው ነጥብ በእርግጥ አለ፤ ልጁም ጣቱን የጫነው እዚያ ላይ ነበር።

የእኔስ ምት? እኔ ያስቀመጥኳቸው ኳሶች በግማሽ ሜትር ያህል የተራራቁ ነበሩ። አንዱ ግጭት ስህተቱን ወደ 8 እጥፍ፣ ሁለተኛው እንደገና ወደ 8 እጥፍ ያበዛዋል፤ በጠቅላላው 60 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ያውም ያረጀው የጠርዝ ላስቲክ የጨመረበትን ሳንቆጥር። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ማይክል ቤሪ እ.ኤ.አ. በ1978 ይህን የስህተት መራባት እስከ ጥግ አስልቶት ነበር። ዘጠነኛው ግጭት አካባቢ ሲደረስ፣ ከጠረጴዛው አጠገብ የቆመ ሰው በስበቱ ኳሶቹን የሚስብበት ኢምንት ኃይል እንኳ ውጤቱን ለመተንበይ ከሂሳቡ ውስጥ መግባት አለበት። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ምት ያገባ ሰው ቢኖር ምኑን እናደንቃለን? እጁን ነው ወይስ ከኋላው የቆመውን ተመልካች ክብደት? «ሎተሪ ነው» ያለው ልጅ ቤሪን አላነበበም፤ የተናገረው ግን ያንኑ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለእኔ የነገሩ ጣፋጭ ክፍል ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

በቪዲዮ የምናያቸውን የፑል ትርኢቶች ታውቃላችሁ። አምስት ስድስት ኳሶች ተሰድረው፣ በአንድ ምት ሁሉም ወደየቀዳዳቸው ይገባሉ፤ ተመልካቹ ያጨበጭባል። እነዚህን ጠጋ ብላችሁ ተመልከቷቸው፤ ብዙውን ጊዜ ኳሶቹ ተነካክተው ነው የሚቆሙት። ሁለት ኳሶች ተነካክተው ከቆሙ የማዕከሎቻቸው መስመር አስቀድሞ ተሠምሯል። ነጯ የፊተኛዋን በቀኝም በግራም ብትመታት የኋለኛዋ የምትሄደው በዚያው መስመር ነው፤ ሰበቃው ጥቂት ዲግሪ ያዛንፈው እንደ ሆነ ነው እንጂ። ማባዣው ጠፍቷል። ስሌቱ ሁሉ የተጠናቀቀው ኳሶቹ ሲቀመጡ ነው፤ መቺው የሚያደርገው ክብሪት መጫር ብቻ ነው። ስለዚህ እጅግ አስቸጋሪ የሚመስለው ምት ቀላል፣ እጅግ ቀላል የሚመስለው ቀጥተኛ ምት ከባድ ሆኖ እናገኘዋለን።

በጎጃም ምድር ቆሜ ይህን ስናገር የቅኔ ቤት ያለፋችሁ አንድ ነገር ሳይታወሳችሁ አይቀርም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ተነስቶ ወደ መወድስ ይወጣል። ነገር ግን «ሁለት ቤት ብቻ ስለ ሆነች ቀላል ናት» የሚል ባለ ቅኔ አላጋጠመኝም። ሰምና ወርቁን በሁለት ቤት ውስጥ ሲያስማሙ መሸሸጊያ የለም፤ እንደዚያ ቀጥተኛ መስመር።

ከባድ ምትን በሳይንስ መነጽር ያየው የመጀመሪያው ታላቅ ሰው ፈረንሳዊው ጋስፓር ኮሪዮሊስ ነው። ተማሪዎቻችን ስሙን የሚያውቁት ከምድር መሽከርከር ጋር በተያያዘው ኃይል ነው፤ የዚያው ዘመን ሌላው ሥራው ግን እ.ኤ.አ. በ1835 ያሳተመው ስለ ቢሊያርድ ጨዋታ የሂሳብ ንድፈ ሐሳብ የሚያትት መጽሐፍ ነው። ከእሱ በፊት ፍራንሷ ሜንጎ የተባለ ተጫዋች የስቲኩን ጫፍ በቆዳ መሸፈን ጀምሮ ነበር። ቆዳው ስቲኩ ሳይንሸራተት ኳሷን ከመካከሏ ውጭ እንዲመታት አስቻለው፤ ኳሷም እየተሽከረከረች የምትጠመዝዝ ሆነች። ተመልካቹ ድግምት መስሎት ሲደነቅ ኮሪዮሊስ ቀመሩን ጻፈ። በሽክርክሪት የተመታች ኳስ በጨርቁ ላይ እየተንሸራተተች የምትሄድበት ጠማማ መንገድ ፓራቦላ መሆኑን፣ መንሸራተቷ ሲያበቃም ቀጥ ብላ እንደምትሄድ አረጋገጠ። ስቲኩን ወደ ላይ አንስቶ ኳሷን ከላይ ወደ ታች ለሚመታ ሰው ደግሞ የመጨረሻውን አቅጣጫ የሚያገኝበት ዘዴ ሰጠው፦ የስቲኩ መስመር ቢቀጥል ጨርቁን የሚነካበትን ነጥብ፣ ኳሷ ጨርቁን ከነካችበት ነጥብ ጋር አገናኝ፤ ኳሷ በመጨረሻ የምትሄደው ከዚያ መስመር ጋር ትይዩ ሆና ነው። ወደ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬም ይሠራል።

በአውሮፓ «አርቲስቲክ ቢሊያርድ» የሚባል ውድድር አለ። በዚህ ውድድር ምቶቹ አስቀድመው በወረቀት ላይ ተስለው፣ የኳሶቹ ቦታ ተለክቶ ይሰጣል። በታወቀው የ76 ምቶች ዝርዝር ለእያንዳንዱ ምት እንደ ክብደቱ ከ4 እስከ 11 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ጠቅላላው 500 ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የማይቻል ምት የለም፤ ሁሉም አስቀድሞ በሰው እጅ ተመትቷል። የደጀኑ ደንብ በሌላ አልባሳት ማለት ነው። በተለመደው ውድድር ግን ከባዱን ምት የሚያስቀምጥልህ ተጋጣሚህ ነው፤ ራሱ ማግባት ሲያቅተው ነጯን ከሌላ ኳስ ጀርባ ይሸሽግብሃል። እ.ኤ.አ. በ1995 ፊሊፒናዊው ኤፍረን ሬየስ ከኧርል ስትሪክላንድ ጋር በተጫወተው የፍጻሜ ግጥሚያ፣ ከእንዲህ ያለ መደበቂያ ነጯን ሁለት ጠርዝ አስነክቶ ያገባት ኳስ እስከ ዛሬ ይወራላታል። ብልህ ተጫዋች በራሱ ላይ ከባድ ምት አያመጣም። ነጯን ለሚቀጥለው ምት በሚመች ቦታ እያሳረፈ ይሄዳል፤ ተመልካቹም «ቀላል ቀላሉን አገኘ» ይላል።

ለራሱ ከባዱን የሚመርጥ ተጫዋች የሚከበርበት ጨዋታ ግን ነበረ፤ የእኛው አገር ሰንጠረጅ ነው። አፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደ ነበር ተመዝግቧል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡት ሄንሪ ሶልትና ዋልተር ፕላውደን ስለ ጨዋታው ጽፈዋል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ደንቡን በአንድ ጥናት ሰብስበውታል። ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጠፍቷል። አጀማመሩ ዛሬ ከምናውቀው ቼዝ የተለየ ነበር፤ የመጀመሪያው ቁራጭ እስኪማረክ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈለጉ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህም ክፍል «ወረራ» ይባል ነበር። ለዛሬው ርእሳችን የሚጠቅመን ግን አጨራረሱ ነው። ንጉሡን በግንብ ወይም በፈረስ ማጥመድ ድል ቢሆንም ክብር አልነበረውም። ደካማ በሆኑት በፊልና በፈርዝ ማጥመድ የተሻለ ነበር፤ በወታደሮች ማጥመድ ደግሞ ከሁሉ የላቀ ምስጋና ያስገኝ ነበር። በዚህም ላይ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይጠመድም፤ ከንጉሡ ሌላ አንድ ቁራጭ ብቻ የቀረው ተጋጣሚም ያች ቁራጭ 7 ጊዜ ሳትንቀሳቀስ መጠመድ አለበት። አሸናፊው ሁሉንም ጠራርጎ ቢበላ ድሉን ያጣል። ስለዚህ የጠላትን ቁራጮች እያዳነ፣ በእጁ ያለውን ቀላል ድል እየተወ፣ ከባዱን ያዘጋጃል።

ይህን ሳነብ ብዙ ተደስቻለሁ፤ ወዲያውም አንድ ነገር ከነከነኝ። የሰንጠረጅ ተጫዋች ከባዱን የሚያዘጋጀው ለራሱ ነው። ቢስት ራሱ ይስታል። እኛ መምህራን ግን ከባዱን የምናስቀምጠው ለሌላ ሰው ነው።

ከ15 ዓመት በላይ ይሆነዋል። የት እንደ ነበር መናገር አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የእኔው ነው። ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የማጠቃለያ ፈተና ሳወጣ የመጨረሻውን ጥያቄ «ለጎበዞች» ብዬ አዘጋጀሁት። ዘንበል ያለ ወለል፣ ፑሊ፣ የሚሽከረከር ዲስክ፣ በመጨረሻም ስፕሪንግ ነበረበት። እያንዳንዱ መልስ ለሚቀጥለው ግብዓት ይሆናል። በዚህ ጥያቄ ከክፍሉ አንድም ተማሪ አልተሳካለትም። እውነቱን ልናገር፣ በመምህራን ላውንጅ ውስጥ ይህን በኩራት ነው ያወራሁት።

ከሳምንት በኋላ አንድ ተማሪ ቢሮዬ መጣ። ነጥብ ይጨመርልኝ አላለም። «መምህር፣ የት ላይ እንደ ተሳሳትኩ ቢያሳዩኝ» አለኝ። ወረቀቱን አወጣሁ። በመጀመሪያው እርምጃ ላይ አንዲት የመቀነስ ምልክት ወደ መደመር ቀይሯል። ከዚያ በኋላ ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ትክክል ናቸው፤ በተሳሳተ ቁጥር ላይ የተሠሩ ትክክለኛ ሥራዎች። የሰጠሁት ዜሮ ነበር፤ እኔ የማየው የመጨረሻውን ቁጥር ነበርና። ስህተቱን አሳየሁት፤ አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ። የዚያን ዕለት ማታ ጥያቄውን እንደ ተማሪ ሆኜ፣ የመልስ ቁልፉን ሳላይ፣ ሰዓት ይዤ ሠራሁት። 70 ደቂቃ ፈጀብኝ። በፈተናው ውስጥ የመደብኩለት 20 ደቂቃ ነበር። ያ ተማሪ በሚቀጥለው ሴሚስተር አልተመዘገበም። በአንድ ጥያቄ ምክንያት ብቻ ነው ትምህርቱን የተወው አልልም፤ ስሙ ከዝርዝሩ ውስጥ መጥፋቱን ያየሁበትን ጠዋት ግን አልረሳውም።

በደጀን መንገድ ዳር «ይሄ ሎተሪ ነው» የተባልኩ ዕለት ትዝ ያለኝ ይህ ነበር። ያ የፈተና ጥያቄ እንደ ጠረጴዛው ምቴ ነው። ግጭት በግጭት ላይ ተደርድሮ የመጀመሪያዋን ኢምንት ስህተት እስከ መጨረሻው ያራባል፤ የሚለካውም የተማሪውን ዕውቀት ሳይሆን በመጀመሪያዋ ቅጽበት እጁ የተንቀጠቀጠበትን መጠን ነው። ከዚያ ወዲህ በፈተና አወጣጤ ላይ የልጆቹን ደንብ አስገብቻለሁ። ማንኛውንም ጥያቄ ካወጣሁ ከጥቂት ቀናት በኋላ በዝግ ክፍል ሆኜ እሠራዋለሁ፤ ለተማሪው ከተመደበው ሰዓት ሲሶው ውስጥ ካልጨረስኩት ጥያቄው ይወጣል። ባልደረቦቼ ሲሶው በዝቷል ወይም አንሷል ብትሉ ልንከራከርበት እንችላለን፤ እኔ ግማሽ ብዬ ጀምሬ ነው ወደ ሲሶ የወረድኩት።

ከባድ ጥያቄ አልተውኩም። ተማሪዎቼ እዚህ ስላሉ መካድም አይቻለኝም። አሁን የምፈልገው መካከል ላይ የተቀመጠችውን ኳስ ነው። ምሳሌ ልስጥ፤ አንዲት ኳስ በቀጥታ ወደ ላይ ተወረወረች፤ ከፍታዋ ጫፍ ላይ ደርሳ ለቅጽበት ቆመች። የአየሩን ግፊት ትተን፣ በዚያች ቅጽበት በኳሷ ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ኃይል ስንት ነው? ጥያቄው አንድ መስመር ነው፣ ምንም የተደበቀ ነገር የለውም፣ ስሌትም የለውም። ሆኖም በየዓመቱ ከክፍሉ ቀላል የማይባለው ቁጥር «ዜሮ» ብሎ ይጽፋል፤ ቆማለችና። ክብደቷ የት ሄደ? የሳተም ሰው ለምን እንደ ሳተ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይገባዋል፤ ሁለተኛ አይስትም። ባለ ብዙ እርምጃው ጥያቄዬ ይህን ለማንም አላስተማረም።

ጊዜዬ እያለቀ ስለ ሆነ፣ ወደ ጥያቄና መልስ ከመግባታችን በፊት ለተማሪዎቻችን አንድ ምት ላስቀምጥ። ነጯ ኳስ፣ ከእሷ ቀጥሎ አንደኛዋ ኳስ፣ ከዚያ ሁለተኛዋ ኳስ፣ በመጨረሻም ቀዳዳው፤ ሁሉም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ናቸው። ነጯ አንደኛዋን ትመታለች፣ አንደኛዋ ሁለተኛዋን፤ መግባት ያለባት ሁለተኛዋ ናት። ከነጯ እስከ ቀዳዳው ያለው ርቀት 2.1 ሜትር ነው፤ አይለወጥም። ምቱ ከሁሉ የከበደ እንዲሆን ሁለቱ ኳሶች የት የት ይቀመጡ? ማባዣውን ርቀት ሲካፈል ለዲያሜትር ብላችሁ ብትወስዱት፣ አንዱን መቀነስ ብትተዉት፣ እቀበላለሁ። በዚያ ቦታ ላይ መቺው የሚተርፈው የስህተት ምሕረት ስንት ዲግሪ እንደ ሆነም ጻፉልኝ። ወረቀቱን እስከ አርብ ቢሮዬ በር ሥር አስገቡ። እኔ አስቀድሜ መትቼዋለሁ፤ 11 ደቂቃ ወሰደብኝ።